ካሲያን ባንዲራዋን ያወረደ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለፋይት፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ የተሰበረው ጉልበትህ የቺሌን ብርድ እንዴት ቻለው? ሶሌዳድስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ጆሮዋ ቢደክምም ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ስደውልልህ ስለ በጎችህ ብቻ አውርተህ ስለምትዘጋው ይህን በወረቀት ማድረግ መረጥኩ። ወረቀት አይዘጋም።

ባለፈው ሳምንት ቤታችን ካረፉት እንግዶች አንዱ ቁርስ ላይ እየሳቀ «ባንዲራ ሳይጠብቅ ስለዘለለው ጅል ልጅ ሰማን» አለኝ። ወተቱን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ማን ነገራችሁ ብለው፣ የበረዶ ሸርተቴ መዝለያውን የሚያስጎበኘው ሽማግሌ ነው አለኝ። ካሲያን ነዋ፣ አሰልጣኝህ። ጉልበትህን ሰብሮ፣ ስምህን አጥፍቶ ከአገር ማስወጣቱ አልበቃው ብሎ ውድቀትህን የጎብኚ ማሳቂያ አድርጎታል። እማዬ የእሱን ቃል አምና «ባንዲራ የማይጠብቅ ልጅ አልወለድኩም» ያለችህ ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ።

አንተ ከወደቅክ ወዲህ እዚያ ቦታ ዝር ብዬ አላውቅም። በማግስቱ ግን የእማዬን ሰፊ ባርኔጣ ደፍቼ ከጎብኚዎቹ ጋር ወጣሁ። ካሲያን ዓይኑ ደክሟል፤ አላወቀኝም። ጎብጧል፣ አጥሯል። ላዝንለት ይሆን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ አላዘንኩለትም። የክለቡ ሊቀመንበር ወይዘሮ ፌሮኒካ አናጢ ይዛ የአሰልጣኞቹን መቆሚያ ትለካ ነበር። ለካ በስሙ ሰይመው ሰሌዳ ሊሰቅሉለት ኖሯል። 

እሱ ያቺን አሮጌ ቀይ ባንዲራ አንስቶ ይተርካል። «ዘላዩ ከላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እኔን ያያል። ባንዲራዬ ከፍ ካለች ይጠብቃል፤ ካወረድኳት ይሄዳል።» ከዚያ ወዳንተ መጣ። ያንን ወሬ ስንት ዓመት ቅመም ሲጨምርበት ኖሮ፣ ውሸቱ የቱ ጋ እንደሆነ ለራሱም ጠፍቶታል። «አየሩ ፀጥ ብሎ ነበር» አለ፤ «ገና ባንዲራዬን ከማውረዴ ነፋስ ከጎን መጥቶ ልጁን ገለበጠው። አልጠበቀማ!» ጎብኚዎቹ አፋቸውን ያዙ። አንዳቸውም ምን እንዳለ አልገባቸውም። ወይዘሮ ፌሮኒካ ግን በልጅነቷ ዘላይ ነበረች፤ ሜትሯን እንደዘረጋች ቀና አለች።

ባርኔጣዬን አወለቅሁና በትሕትና «ጋሼ ካሲያን፣ ባንዲራዋን ካወረዷት በኋላ የሄደ ልጅ ሌላ ምን ሊጠብቅ ኖሯል?» አልኩት። ድምፄን አወቀው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ቡርጋ፣ የሽማግሌ አፍ ነው፣ ተሳስቼ ነው» አለኝ። ወይዘሮ ፌሮኒካ «አውርደሃት ነበር ወይስ አላወረድካትም?» ብላ ስትፋጠጠው፣ «አውርጃት ነበር፤ ነፋሱን ልብ አላልኩትም። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ» አለ። እሱ ሥራውን እንዳያጣ አንተ አገርህን አጣህ።

ይቅር ያልኩት እንዳይመስልህ። አንቱታውን እዚያው ጣልኩና «በል ባንዲራህን አንሳ፤ እኔ ታች እስክደርስ እንዳታወርዳት» አልኩት። አነሳት። አሳንሰሩን ትቼ በደረጃው ወረድኩ፣ ቀስ ብዬ። መሀል ላይ ቁጭ ብዬ ያልተፈታ ጫማዬን ፈትቼ አሰርኩ። የወገቤን ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት። ቀና ስል ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ባንዲራዋ ግን ከፍ እንዳለች ናት። ታች ደርሼም ጥቂት አረፍኩ። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ቄሱ ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ።

አናጢው ሰሌዳውን ይዞ ተመልሷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ ፌሮኒካ እውነቱን ለሰው ሁሉ ስትናገር ካሲያን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሚስቱ ልትጨብጠኝ እጇን ብትዘረጋ እኔ ጓንቴን ሳጠልቅ ቆየሁ። አንተ ሆደ ቡቡ፣ መሐሪ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።

ሶሌዳድን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ኢግናሲያ ፈተናዋን እንዳለፈች ሰምቼ ኮርቻለሁ በላት። ትንሹ ቶማስ አክስትህ ሹራብ እየሠራችልህ ነው በለው፣ እጅጌው ቢረዝምም ያድግበታል። አማትህንም እግዜር ይማርሽ በልልኝ።

የእማዬን መልእክት መጨረሻ አቆየሁት። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ምሳ ሳትቀምስ ዋለች። ከዚያ ፎቶህን ከመሳቢያ አወጣች፣ በሽርጧ ጠረገችው፣ ከአባዬ ጎን ሰቀለችው። ምን ብዬ ልጻፍለት ስላት፣ «ባንዲራዋ ወርዳልሃለች፣ ና በይው» አለችኝ።

እህትህ ቡርጋ
ኦበርላህ፣ ቲሮል
ሴፕቴምበር 4 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.