ሃያ አምስተኛው አሃዝ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጠመኔዬ ጠፋ። የጎረቤቴን ቀሚስ ልቆርጥ ጨርቁን ዘርግቼ... ጠመኔው የለም። መምህሩን ጠየቅኩት። ባሌን ማለቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ፣ እኔ ግን መምህሩ ማለቱን አልተውኩም። "ለሥራ ፈልጌው ነው" አለኝ። ደግሞ የምን ሥራ?
የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ አሳየኝ። ከውስጥ በኩል 3 ተጽፏል።
ዛሬ የመጀመሪያው የጨረር ሕክምናዬ ነበር። ሃያ አራት ቀን ይቀረኛል። ጨርቁን መልሼ አጠፍኩት። ጀምሬው ሳልጨርሰው ብቀርስ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ገባኝ። ከሕክምና በተመለስን ቁጥር አንድ አሃዝ ይጨምራል። የሁለተኛው ቀን ቁጥር ለሁለት፣ የሦስተኛው ለሦስት ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 36። 360። ዛሬ 3608፣ ለአራት። ማካፈሉን ለእኔ ጥሎታል።
"እስከ ስንት ይሄዳል?"
"እስከ ሃያ አምስት። እዚያ የሚደርስ ቁጥር አንድ ብቻ ነው።"
ጉረኛ! ራሱ የፈጠረው ይመስል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ለሰባት። 8 ጻፈ። በ8 ፈንታ 1 ብናስገባስ ብዬ አካፈልኩት... እሱም ልክ መጣ! ያዝኩህ አልኩት።
"ይካፈላል፤ ግን ሃያ አምስት አይደርስም፣ መንገድ ላይ ይሞ..." ብሎ አፉን ያዘ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው በአንድ ቃል ሲደነግጥ! ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም። ወጥ ቤት ገብቶ የታጠበ ብርጭቆ ድጋሚ አጠበ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22
0። ቆዳዬ ይለበልበኛል። ደረጃውን ሁለቴ አርፌ ነው የወጣሁት።
"የዛሬው ምንም ነው ማለት ነው?" አልኩት።
"ዜሮን አትናቂ። እሷ ባትኖር አሥራ አምስተኛው ላይ አንደርስም ነበር።"
እግሬን አሸልኝ። እወደዋለሁ... ለራሱ አልነገርኩትም፣ ይኮራብኛል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25
የጨረር ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆስፒታል መለሱን። ግዴለም ጻፈው፣ ማን ያያል ብዬ ብለምነው አሻፈረኝ አለ። "ያልታከምሽበት ቀን አይጻፍም!" ተኮራረፍን። ለሃያ ደቂቃ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9
አለቀ። ዶክተሯ "ከሦስት ወር በኋላ እንያችሁ" አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሷም አታውቀውም።
5ቱን ራሴ ጻፍኩ። 3608528850368400786036725። ከበሩ ጠርዝ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። እልህ ያዘኝና ሃያ ስድስተኛ ፈለግኩ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥሩንም ሞከርኩ። አንዱም አልገባም።
"ዶክተሯ ያን ጊዜ ሕክምናውን ስታዝልኝ ሃያ ስድስት ቀን ብትል ኖሮ ምን ይውጥህ ነበር?"
ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ያገላብጠው ጀመር።
"ሃያ አምስት ስትል መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የምይዘው ነገር አገኘሁ ብዬ" አለኝ።
እኔ እኮ ለእኔ ሲል የጀመረው መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ፈርቷል... እንደምወደው ነገርኩት። ይኩራ።
ጠመኔውን ከእጁ ተቀበልኩት፤ የጥፍር ያህል ቀርቷል። ቁጥሩ አልቋል፣ እኔ ገና ነኝ። ጨርቁን ዘርግቼ ማስመር ጀመርኩ። ለጎረቤቴም፣ ሐሙስ መጥተሽ ለኪ ብዬ ላክሁባት።