የባሕር በር ግንብ ሊፍትና የአባታችን ስም

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድምዓለም ሄሰል፤

በመካከላችን ያለው ውቅያኖስ ማለቂያ የለውም፤ ቢሆንም ሰላምታዬ ሳይረጥብ ይድረስህ። ጤናህን እንዴት ነህ? ያ የትከሻህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ ጥርስህን ነክሰህ ላሞችህን እያለብክ «ምንም አልሆንኩም» ትላለህ? ሄዘርስ እንደምን አለች? ኢስላ ፈተናዋን አለፈች? ሮሪስ ቁመቱ አንተ ላይ ደረሰ? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ ጸደይ ነው፤ ጥጆቹም ተወልደው መስኩ ላይ እየቦረቁ ይሆናል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ከጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው መሳቂያ የሚሆንበት ወቅት ገብቷል።

እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ነው የከዳት፤ ምላሷማ እንዳለ ነው። እህታችን ኒንከም ደህና ናት፤ ተማሪዎቿን ሒሳብ እያስተማረች፣ አዲሱን ዊልቸሯን እንደ መኪና እየነዳች ሰው ታስደነግጣለች። እኔም ዳቦ ቤቱን ይዤ አለሁ። ግን ልዋሽህ አልፈልግም፤ ሰሞኑን አንጀቴን ያቃጠለ፣ ከዚያም አልፎ ያቅለሸለሸኝ ነገር ገጥሞናል። ወሬው ከሰው አፍ ተጣሞ ሳይደርስህ ከእኔ ስማው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የባሕር በር ግንብ ደረጃ እንዴት እንደሚጠማዘዝ አትረሳውም፤ ልጆች ሆነን ስንወጣው ራሳችንን ያዞረን ነበር። ኒንከ በብስክሌት ስትሄድ መኪና ከገጫት ወዲህ ባሕር የበላቸው ሰዎች ስም ወደተቀረጸበት ወደ ላይኛው አዳራሽ ወጥታ አታውቅም። እማዬም በጉልበቷ ምክንያት ቀረች። ስለዚህ በየዓመቱ በኖቬምበር ስሞቹ ሲነበቡ፣ «ሮመርት» ሲባል «አለን!» ብዬ ለአባታችን የምመልሰው እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ስሙ ተጠርቶ ከቤተሰቡ «አለን» የሚል የጠፋበት ሰው ሁለተኛ ሰጠመ ማለት ነው ትል የነበረችው አያታችን ትዝ ትልሃለች? እኔ በዚያ ቀን ጉንፋን እንኳ እንዳይዘኝ እፈራ ነበር።

ኒንከ ሊፍት ይሠራ ብላ ስንት ደጅ ጠናች! የግንቡ ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ሌንደርት፣ ያ ምንጊዜም መሐረቡን በኮቱ ኪስ አጣጥፎ የሚይዘው ሰውዬ፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ቅርስ ነው፤ ግድግዳው አይነካም።» አንድ ምስማር መምታት በሕግ ያስጠይቃል ይል ነበር። በመጨረሻ ሰዉ አዋጥቶ፣ ጋዜጣውም ጮኾ፣ በጓሮ በኩል፣ መግቢያው ከውስጥ የሆነ ሊፍት ተሠራ። ባለፈው ጸደይ ሲመረቅ ኒንከን ጠርተው፣ ጉንጯን ዱቄት ቀብተው፣ ሪባን አስቆረጧት። ሊፍቱ ውስጥ አስገብተው በሩ እንደተከፈተ ፎቶ አነሷትና መልሰው አወጧት። ወደ ላይ ለመውጣት ገና የደኅንነት ምርመራው አላለቀም፣ ለኖቬምበር ይደርሳል አሉ። ፎቶዋ ግን አልጠበቀም፤ በነጋታው ከባቡር ጣቢያው እስከ ወደቡ በየግድግዳው ተለጠፈ። «የባሕር በር ለሁሉም ክፍት ነው» ይላል ከሥሩ። ዳቦ ልትገዛ ስትመጣ ሰዎች «ዝነኛዋ መጣች» ይሏት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። እማዬ ያንን ጥቁር ካፖርቷን ለበሰች፤ ኒንከም ጸጉሯን ተሠራች። ዝናብ እየደበደበን ስንደርስ የሊፍቱ በር ላይ ገመድ ታስሯል፤ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀትም ተንጠልጥሏል። አቶ ሌንደርት ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«እንዴት ደስ ይላል መምጣታችሁ! የሊፍቱ ነገር ነው እንጂ፤ ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ዕረፍት ወጥቷል። ግን ምንም አትቸገሩ፣ እዚህ ታች ስክሪን ተክለናል። እንዲያውም ከላይ ካሉት ይልቅ እናንተ አጥርታችሁ ታያላችሁ።»

«ስክሪን እቤቴም አለኝ» አለች ኒንከ። «የአባቴ ስም ነው እቤቴ የሌለው።»

«እንግዲያው አራት ጠንካራ ወንዶች ጠርቼ ከነወንበርዎ ላሸክምዎት?»

«ጆንያ ድንች መሰልኩዎት?»

በዚህ መሐል ከንቲባዋ መጣች። ወንድሜ፣ ይህችን ነገር ስጽፍልህ እንኳ ያንገፈግፈኛል። ጎንበስ አለችና የኒንከን ራስ እንደ ሕፃን ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን «ሾርባ ትጠጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የሃምሳ ዓመቷን መምህርት!

«ትጠጣለች» አለች ኒንከ ራሷ። «ትሰማለችም። ትናገራለችም፤ ቆይተው ያዩታል።»

ከንቲባዋ ፈገግ አለችና ደረጃውን ወጣች። እንግዶቹም ተከተሏት። እማዬ «ባውክየ፣ አንቺ እንኳ ወደ ላይ ውጪ፤ የአባትሽ ስም ተጠርቶ ዝም አይባል» አለችኝ። ኒንከ ደግሞ እጄን ያዘችኝ፤ «ዘንድሮም ብቻሽን ልትመልሺ ነው? እዚሁ ሁኚ» አለች። ሁለቱንም አየሁ። ቀረሁ።

ሾርባው እጃችን ላይ በረደ። በስክሪኑ ስሞቹ እየተጠሩ፣ ቤተሰቦቹ «አለን፣ አለን» ሲሉ ሰማን። ከዚያ «ሮመርት» ተባለ። ላይ ጸጥ አለ። ስሞቹን የምታነበው ሴት ቀና ብላ በዓይኗ ፈለገችን፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ገጿንም ልትገልጥ ሆነ። ያን ጊዜ ኒንከ ዊልቸሯን እስከ ደረጃው ሥር ነድታ፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ በምታሰኝበት ድምፅ «አለን! ታች ነን! አለን!» ብላ ጮኸች። ግንቡ በሞላ አስተጋባ። አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ እየሮጠች መጥታ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ በቀጥታ እየተላለፈ ነው።»

ኒንከ ወንበሯን አዞረችና ወደ መውጫው ሄደች። ግንቡ አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው ያለው። በሩ መካከል ቆመች፤ ፍሬኗንም ያዘች።

ሥነ ሥርዓቱ አልቆ እንግዶቹ ወረዱ። ከመንገዱ ማዶ ባለው መጠጥ ቤት ሄሪንግ ዓሣና አይብ ቀርቦላቸዋል፤ ሆዳቸውም ቀድሟቸው ሄዷል። በሩ ላይ ኒንከን አገኟት።

«ያሳልፉን እንጂ» አለ አቶ ሌንደርት።

«በሩ ለጊዜው አይሠራም» አለችው። «ግን ምንም አትቸገሩ፤ ምሳው በስክሪን ይተላለፍላችኋል። እንዲያውም እዚያ ካሉት ይልቅ እናንተ አጥርታችሁ ታያላችሁ።»

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ሳቅ ብትሰማ! የሳቁት ግን የሟች ቤተሰቦች ናቸው እንጂ ትልልቆቹ ሰዎች አይደሉም። ከንቲባዋ ሌላ ቀጠሮ አለኝ አለች። አንዱ ፖሊስ ይጠራ አለ። የአባታችን ጓደኛ ሽማግሌው ፎፐ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «እኔ አልቸኩልም፤ ባሕር ላይ ከዚህ የባሰ ጠብቄ አውቃለሁ» ሲል ሌሎቹም ቤተሰቦች አንድ በአንድ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ሹማምንቱ ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው፣ ከፊታቸው ኒንከ ሆነችባቸውና መሄጃ አጡ።

ያ ዕረፍት ወጣ የተባለው ሠራተኛ ይዞት ሄደ የተባለው ቁልፍ የት እንደተገኘ ልንገርህ? የቲኬት መቁረጫው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ! ባጅ ያንጠለጠለችው ልጅ ናት አፍራ ያወጣችው። ሊፍቱ ሲከፈት እስከ ጣሪያው የወይን ጠጅ ካርቶንና የሚታጠፍ ወንበር ተቆልሎበታል። ብልሽት የለበትም፤ መጋዘን አድርገውታል። በካርቶኖቹ መሐል ያ ትልቁ ፖስተር ተሰክቷል፤ የኒንከ ፊት ፈገግ እንዳለ በወይን ካርቶን ተጨፍልቋል። እሷ ግን «አየሽ፣ እኔ ካንቺ ቀድሜ ገብቻለሁ» አለችኝ። ቀልዷ አላሳቀኝም፤ እሷም አልሳቀችም።

ዓሣ አጥማጆቹ ዕቃውን አውጥተው ዝናብ ላይ ደረደሩት። ከዚያ ኒንከ፣ እማዬና እኔ በሊፍቱ ወጣን። በሩ ሲከፈት የእማዬ እጅ ክንዴን አጥብቆ ይዞ ነበር። እማዬ በቀጥታ በባሕሩ በኩል ወዳለው መስኮት ሄደች። የአባታችን ስም ከመስኮቱ በታች፣ ዝቅተኛው መስመር ላይ፣ ልክ ኒንከ ወንበሯ ላይ ሆና በምታይበት ቁመት እንደነበር አንተም ታውቃለህ።

ስሙ የለም። በቦታው የሚያብረቀርቅ የነሐስ ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ለዚህ ሊፍት እጃቸውን ለዘረጉ በጎ አድራጊዎች ምስጋና» ይላል።

እማዬ ግድግዳውን ግራና ቀኝ በእጇ ዳሰሰች፤ ቦታ የተሳሳተች መስሏት። አቶ ሌንደርት ላብ እየጠረገ «ስሞቹ አልጠፉም፣ ወይዘሮ፤ ከሥሩ አሉ። ሰሌዳው የሚያምረው እዚያ ነበር» አላት።

እናታችን ወደ እሱ ዘወር አለች። «ባሌ እንደሆነ ዕድሉ ነው፣ ከውኃ ሥር ነው» አለች። «እናንተ ደግሞ ከሰሌዳ ሥር አደረጋችሁት?»

ፎፐ ሰንጢውን አውጥቶ ብሎኑን መፍታት ሲጀምር አቶ ሌንደርት «አይቻልም! ያለ ፈቃድ ግድግዳውን መንካት ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸ። ኒንከም «ሰሌዳውን ለመስቀል የተሰጣችሁ ፈቃድ የታለ?» አለችው። መሐረቡን ኪሱ ከተተ። ለኒንከ ምስማር እንኳ አይመታበትም የተባለው ግድግዳ፣ ለእነሱ ምስጋና ሲሆን በመሰርሰሪያ ተበሳ ማለት ነው።

ሰሌዳው ወረደ። አንደኛው ብሎን የአባታችንን ስም የመጀመሪያ ፊደል በስቶታል። እማዬ የጣቷን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገባች። አንባቢዋ ከታች ተመልሳ መጥታ ነበር፤ ማንም ሳይነግራት «ሮመርት» ብላ ጠራች። ሦስታችንም «አለን» አልን። የእማዬ ድምፅ ከሁላችን በላይ ነበር።

አሁን ለአንተ ከባዱን ልንገርህ። ሰሌዳውን ፎፐ ወለሉ ላይ ሲያስቀምጠው አነበብኩት። አንተም አዋጥተሃልና ስምህ አለበት፤ ሄሰል ከኒውዚላንድ ተብሎ፣ ልክ በአባታችን ስም ላይ። አንተ ከዳር አገር ሆነህ ለእህትህ ብለህ የላክኸውን፣ ለአባትህ ስም መሸፈኛ አዋሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ በግንቡ ሥር ሳልፍ ምራቄ መራራ ይሆንብኛል።

ከሳምንት በኋላ ከማዘጋጃ ቤቱ የአበባ እቅፍና «በተፈጠረው አለመግባባት እናዝናለን» የሚል ካርድ መጣ። አለመግባባት! እኛማ በደንብ ነው የተግባባነው። ኒንከ አበባውን መልሳ «ቁልፉን አምጡ» አለች። እሺ አሉ፤ ቁልፉን ከንቲባዋ ስታስረክባት ፎቶ እንነሳ ሲሉ ግን «በፖስታ ላኩት» አለቻቸው። በተራ ፖስታ መጣ። አሁን ከቤት ቁልፏ ጋር አስራ ይዛዋለች፤ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማንንም ሳትጠይቅ ወጥታ፣ ባሕሩን አይታ፣ ወርዳ መጣች። ለቀዳዳው ጥገና ግን እስካሁን መልስ የለም፤ ጉዳዩ እየታየ ነው ይላሉ።

ሄዘርን ጉንጮቿን ስመህ ሰላም በልልኝ። ለኢስላ አክስትሽ ባውክየ ስትመጪ የስኳር ዳቦ ትጋግርልሻለች በላት፤ ሮሪንም አንተ እቅፍ አድርግልኝ። ኒንከ ሁላችሁንም ትስማችኋለች፤ ፎፐም እጅህን ጨብጦሃል።

እማዬ ግን ይህን ደብዳቤ ሳነብላት የሰሌዳው ነገር ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እንዳይከፋው» አለች። «ስሙን ከጸደይ ጀምሮ አባቱ ደረት ላይ አስተኝተውት ከረሙ። ከልጆቼ ሁሉ እሱ ብቻ ነው ዘንድሮ ከአባቱ ጋር የከረመው፤ እናትህ በዚህ ቀንታብሃለች በይው።»

እህትህ ባውክየ
ኦስተርዚል፣ ፍሪስላንድ
ኖቬምበር 27 ቀን 2019