የታኅሣሥ ዓሣ

ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ስለሺ፤ የጎንደር ክረምት እንዴት ይዞሃል? እኛ በካርቱም ሙቀት እየተቀቀልንም ደህና ነን።

«ሽማግሌና አሮጊት በስልክ ጨዋታ!» ብለህ ሳቅህ አሉ። ሳቅ! እኔና ባለቤቴ ተድላ በስልኩ ውስጥ እርሻ አቅንተን፣ ከሰማንያው የዓሣ ዓይነት ሰባ ዘጠኙን ሰብስበናል። ወደ ሶባ ሆስፒታል ስንመላለስ ሐፍላው አውቶቡስ ውስጥ እኔ አጠምዳለሁ፣ እሱ ያዝዘኛል። አሁን እዚያው ስለተኛ አልጋው አጠገብ ሆነን እንጫወታለን።

የቀረችን ዓሣ የምትወጣው በታኅሣሥ ብቻ ነው፤ ጨዋታው የስልኩን ቀን ይከተላል። ጎረቤታችን ከውሰር ትናንት ልትጠይቀው መጥታ፣ «ቀኑን ወደ ታኅሣሥ ግፊውና አሁኑኑ ይያት፣ ያላ!» አትለኝም? ተድላ ከትራሱ ቀና ብሎ፣ «ከውሰር፣ ረመዳንንም ሰዓት እየገፋሽ ነው እንዴ የምታፈጥሪው?» ቢላት በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ስልኩን ቀምቼ ቦርሳዬ ከተትኩት።

አንተም «ተድላን ቶሎ ወደ አገር ይዘሽው ነይ» ማለትህን ተው። ሐኪሙም ዓይኔን እየሸሸ ቢያወራ የራሱ ጉዳይ ነው። ገና ነሐሴ ነው፤ ታኅሣሥ በራሱ እግር ይመጣል፣ ዓሣዋንም ተድላ በገዛ እጁ ያወጣታል።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። በጥር ሁለታችን መጥተን እናሳይሃለን። ኢንሻላህ አላልኩም፤ እናሳይሃለን ነው ያልኩት።

እኅትህ ወለተማርያም
ካርቱም