አፍ ለአፍ

ሰኞ፣ የካቲት 1970

ሚስቴን ሰሚራን ከክፍል ነው የወሰዷት፣ ጠመኔው እጇ ላይ እንዳለ። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች፣ ከነጠብመንጃቸው። «ለጥያቄ ነው» አሉኝ። ለጥያቄ የሄደ ሁሉ የት እንደደረሰ ድሬዳዋ ታውቃለች።

ስታልፈኝ «ብልቃጦቼን አደራ፤ የድርቆሽ ውኃ እንዳትሰጣቸው፣ ረቡዕ ደባልቃቸው» አለችኝ። ሌላው ሲታሰር ልጁን አደራ ይላል። እኛ ልጅ የለንም፤ ያሉን በሁለት ብልቃጥ የተቀመጡ ትሎች ናቸው። ትል ስላቸው ትቆጣለች። እሷ ባዮሎጂ ታስተምራለች፣ እኔ ጂኦግራፊ።

ማክሰኞ

ከእህቷ ከፈቲያ ጋር እስር ቤቱ ድረስ ምሳ ወሰድንላት። ሩዝና የምትወደው ሁልበት፣ የአብሽ መረቅ። ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። ፈቲያ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ እኔም ከነመስቀሌ አብሬ አልኩ። ባዶ ሳህን ማለት በሕይወት አለች ማለት ነው። ሰው ሲያልቅለት «ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ» ይላሉ፤ ሌላ መርዶ የለም።

ከሰዓት ብልቃጦቹን አየሁ። አንዱ ከሳቢያን ጉድጓድ የተቀዳ ነው፣ አንዱ ከመልካ ጀብዱ ቦይ። ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ እያንዳንዱ አንዲት ሕዋስ ብቻ ነው፣ ዙሪያውን በበቀለ ፀጉር እየቀዘፈ ይዋኛል። ውኃቸው ውስጥ ፎስፌት አለ፣ ያ ማዳበሪያ ላይ የምናውቀው። ጥቂት ቀድቼ መመርመሪያ ፈሳሿን ጠብ አደረግሁበት። ፎስፌቱ ካለ ውኃው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከበሉት አይሆንም። አልሆነም። ዛሬ ሁሉም በልቷል፣ ከእኔ በቀር።

ረቡዕ

ደባለቅኋቸው፤ ፎስፌትም እንደ እሷ ቆንጠር አድርጌ ጨመርሁ። «የሳቢያንና የመልካ ጀብዱ ሠርግ» ትለው ነበር። የአንድ ብልቃጥ ዘመዳሞች አይጋቡም፣ ባዳ ይሻሉ፤ ያውም ካልተራቡ አይፈላለጉም፤ የድርቆሹን ውኃ፣ ዋና ምግባቸውን፣ የከለከለቻቸው ለዚህ ነው። የእኛ ሠርግ ላይ አባቶቻችን አልመጡም። ሳህኑ ባዶ።

ሐሙስ

መመርመሪያውን ጠብ ሳደርግበት ውኃው ሰማያዊ ሆነ፤ አልበሉም። ክው አልኩ። ገደልኋቸው! አንድ ነገር አደራ ተባልሁ፣ እሱንም!

በማይክሮስኮፕ ሳይ ግን ሁለት ሁለት ሆነው፣ አፍ ለአፍ ተጣብቀው ይዋኛሉ። ያኔ ትዝ አለኝ። «ሲጋቡ መብላት ይተዋሉ፣ ፎስፌቱንም እምብዛም አይነኩት» ብላኝ ነበር፣ እኔ ጋዜጣ እያነበብሁ። አለቀስሁ። ሳህኑ ዛሬም ባዶ ነው።

ዓርብ

ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። ሩዙ አልተነካም። ፈቲያ በሩ ላይ ዘጭ አለች። ዘበኛውን «ነገስ ላምጣ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ አቦ! ዞር በሉ ከበሩ» አለኝ፤ ፊቴን ግን አላየም።

አታምጣ አላለም። ታማ ይሆናል። ደብድበዋት ማኘክ አቅቷት ይሆናል። ያልበላ ሁሉ አልሞተም፤ ትናንት በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለፈቲያ ብነግራት አበደ ትለኛለች። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ፈቲያ ለነገ ሩዝ እየለቀመች ነው። «በደንብ ይላም» አልኳት፣ «ሳታኝክ እንድትውጠው።»