ልጅቱን እንድናገኝ ልጅቱን ይዛችሁ ኑ ላላችሁን

በወረታ ከተማ ለምትገኙ፣ ስማችሁን በአደባባይ ላለማንሳት ለራሴ ቃል ለገባሁላችሁ የነጻ ሕግ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤንነታችሁ እንደምን ሰንብቷል? በራችሁ ለምሳ ቀድሞ የሚዘጋውና ዘግይቶ የሚከፈተው ለጤናችሁ ሲባል እንደሆነ ስለምረዳ፣ የበላችሁት ሁሉ እንዲስማማችሁ እመኛለሁ። እኛ የፎገራ ሰዎች ውኃው ሸሽቶልን፣ ሩዛችን ታጭዶና ተወቅቶ፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጉዳይ እጅግ ትንሽ ነው፤ በደጃችሁ ስላለው አግዳሚ ወንበር ነው። አንዱ እግሩ ከሌሎቹ ያጠረ በመሆኑ፣ በአንደኛው ጫፍ ያለ ባለጉዳይ ብድግ ሲል በሌላው ጫፍ ያለው መሬት ይወርዳል። ባለፈው ሰኞ ከአንድ የማላውቃቸው ቄስ ጋር ተቃቅፈን ወድቀናል። እሳቸው አቧራቸውን እያራገፉ እኔን "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለውኛል፤ እናንተን ግን ገና አልፈቱም።

ስለ ወንበሩ ይህን ያህል የማውቀው ከእህቴ ልጅ ከካሰች ጋር ስለምመላለስ ነው። ካሰች ከባሏ ከሰውመሆን ከተፋታች ወዲህ፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላትን ልጃቸውን መስከረምን የምታሳድገው እሷ ነበረች። ቤቷ ሜዳው ላይ ነው፤ በክረምት ውኃው ደጃፏ ይደርሳል። የሰውመሆን እናት እትዬ ሸዋዓለም ግን ይፋግ በኩል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይኖራሉ። ሽማግሌዎቻችን ከብቱን በየክረምቱ ወደዚያ እየላኩ ውኃው ሲጎድል መመለስ የለመዱ ናቸውና፣ ለልጅቱም ያንኑ ፈረዱላት፤ ከአባቷ ከብት ጋር ትውጣ፣ ከአባቷ ከብት ጋር ትመለስ። ለጥጃ ይህን ያህል የሚመች ፍርድ ሰምቼ አላውቅም።

ውኃው ጎደለ። የመንደሩ ከብት ሁሉ ተመለሰ። ሰውመሆን ግን ከብቶቹን እዚያው አስቀርቶ፣ "ከብቶቼ ሣሩ ተስማምቷቸዋል፤ እነሱ ሲወርዱ ትወርዳለች" ብሎ ላከብን። ከዚያ ወዲያ ነው የእናንተን ደጅ መጥናት የጀመርነው፤ ስላደረጋችሁልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያችሁ አቶ ቻላቸው አቤቱታው የሚቀርበው ልጅቱ ባለችበት ነው ብለው ስለሸኙን አመሰግናለሁ። ይፋግ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ እናትየዋ ባለችበት ነው ብለው መለሱን። በዚህ ምልልስ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ሩዝ ቡቃያው አረንጓዴ ከነበረበት ጊዜ አንሥቶ እስኪወቃ ድረስ ለመጎብኘት በቅተናል።

ሁለተኛ፣ ካሰች ስለ ልጅቱ ቀለብ ብትጠይቃችሁ፣ ቀለብ የሚጠይቀው ልጁ በእጁ ያለ ወላጅ መሆኑን፣ እንዲያውም እሷ ራሷ ልትጠየቅ እንደምትችል በትሕትና አስረድታችኋታል። ስትገባ ከሳሽ የነበረች ሴት ስትወጣ ተከሳሽ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀራት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ልጅቱ ለባለሙያ ቀርባ መታየት ስላለባት፣ ልጅቱን ለማግኘት ልጅቱን ይዘን እንድንመጣ አዘዛችሁን። ይዘናት መምጣት ብንችል ኖሮ እቤታችን ተቀምጠን እናንተን በሩቁ እንመርቃችሁ እንደነበር አልጠረጠራችሁም። በዚያ ቀን ካሰች እቤት እንደገባን የመስከረምን ጫማ ከሣጥን አውጥታ በጣቷ ለካችው። "አጎቴ፣ ይጠባት ይሆን?" አለችኝ።

አራተኛውን ልጀምር ስል በሬ ተንኳኳ።

ይቅርታ፤ ተመልሻለሁ። ደጃፌ ላይ የቆሙት እትዬ ሸዋዓለም ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መስከረምን፣ በሌላው የአንዲት ላም ገመድ ይዘዋል። "ከከብቱ ጋር ትመለስ አይደል የተባለው? ይችውልህ ከብቷ!" አሉኝ። "አንተ ስትጽፍ ትውላለህ፣ እኔ ስነዳ ዋልኩ። ልጄ ሠርግ ሄዷል፤ ይህን አልሰማም። ሳይመለስ ወረቀቷን አስጨርሱ፤ መጥቶ ቢወስዳት እኔ አሮጊቷ በምን እመልሰዋለሁ? ላሟ የራሴ ናት፤ ልጄ ቀለብ እስኪቆርጥላት ድረስ ወተቷ ለልጅቱ ይሁን።"

ካሰች ጫማውን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጠቧታል። ማንንም ቅር አላለውም።

እንግዲህ የተከበራችሁ ሆይ፣ ነገ ጠዋት በራችሁ ከመከፈቱ በፊት፣ ማለትም እስከ ረፋዱ ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ፣ ባዘዛችሁት መሠረት ልጅቱን ይዘን እንቀርባለን። ላሚቱን ይዛችሁ ኑ ስላላላችሁ እቤት እንተዋታለን፤ አስፈላጊ ሆና ከተገኘች ግን እሷም ትመጣለች። የቀረን ጊዜ የአንድ ሠርግ ያህል ነው፤ የእኛ አገር ሠርግ ደግሞ የቱንም ያህል ቢረዝም ከእናንተ ቀጠሮ ያጥራል።

አንድ እግሩ ያጠረው ወንበራችሁ ታማኝ ተቀማጭ፣
የካሰች አጎት፣ ገሰሰ ባየህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ወንበሩ ያቀረብኩትን አቤቱታ አንሥቻለሁ፤ አትጠግኑት። መስከረም ዥዋዥዌ ትወዳለች። እሱ ላይ እየተጫወተች አድጋ የራሷን ልጅ ጉዳይ ይዛ እንዳትመጣባችሁ ግን ቶሎ በሉልን።