ቤቱ ለፎቶ የተሰናዳ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለዓይናለም፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ያ አመሻሽ ላይ የሚነሣብሽ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በነጭ ሽንኩርት እየታገልሽው ነው? የእማዬ ጉልበትስ? ደረጃውን ትወጣለች ወይስ እታች ሆና ሰው ትጣራለች? ባለቤትሽ ዘመንፈስቅዱስ ደህና ነው? ልጃችሁ ሶሊስ ፈተናዋን እንዴት ሆነች? እኔ ሁለት ወር ሙሉ አልለቅ ካለኝ ሳልና ከዚህ በታች ከምጽፍልሽ ነገር በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ሁልጊዜ እማዬ ጭን ላይ ስለሚውል ነው፤ እሷ ደግሞ ገና «ሃሎ» ስል ታውቅብኛለች። እዚህ ሮማ ያለችው ጌጤ ለፋሲካ አገር ቤት ስለምትገባ ይህን ወረቀት በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። እማዬ ከጠየቀችሽ፣ የምትሠራበት ቤት ፎቶ ተነሣ፣ በጣም አማረ በያት። ውሸት አይደለም።

ቤቱን ነግሬሻለሁ፤ ኤስኲሊኖ ገበያው አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሲኞራ ማሪሳን አሥራ አንድ ዓመት የጦርኩበት። የካቲት መጨረሻ ላይ ልጃቸው ጊዶ ወጥ ቤት ጠራኝና በሩን ዘጋው። ይህ ሰው በር ዘግቶ ደግ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ቤቱን ሊሸጥ ነው፤ እናቱንም ኦስቲያ አካባቢ ካለ የአረጋውያን ማረፊያ ሊያስገባቸው ነው። ቤቱ በእሳቸው ስም ስለሆነ መፈረም አለባቸው፤ ግን ቀኑ እስኪደርስ እንዲሰሙ አልፈለገም። «አንቺ ዝም በይ፣ እኔም እስከ ሰኔ ሬዚዴንሳሽን አልነካም» አለኝ። ሬዚዴንሳ እዚህ ቤት ነዋሪ መሆኔን ማዘጋጃ ቤቱ የመዘገበበት ነው። ያለ እሱ ሰኔ ላይ የሚያልቀውን ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ማን ያድስልኛል? ፈቃድ የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ለማወቅ ደግሞ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም፤ ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ሾርባ ለመቀበል የሚሰለፉትን ማየት ይበቃል። ቫ ቤኔ፣ እሺ አልኩት። እንደ ፍርሃት ቶሎ የሚያስማማ ሽማግሌ የለም።

ፎቶው የተነሣው ሐሙስ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ የሠራሁትን ያየ ሰው የወንጀል ምልክት የማጠፋ ይመስለው ነበር። ለነገሩ የማጠፋው እርጅናን ነው። መታጠቢያ ቤት ያለው መደገፊያ ብረት ተፈታ፤ ቀዳዳው በጥርስ ሳሙና ተደፈነ። ፖፖ ያለበት ወንበር ካንቲና፣ ማለት ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫ ወረደ። ዳይፐሩ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ገባ። መድኃኒቱ ምድጃው ውስጥ ገባ፤ ያን ቀን አንድ ሰው ኬክ ልጋግር ብሎ ቢለኩሰው ኖሮ የሠፈሩ ሁሉ ደም ግፊት ባንድ ጊዜ በወረደ።

ፎቶ አንሺዋ ማርቲና ልጅ እግር ናት፤ አንድ ካርቶን ሎሚ ከነቅጠሉ ይዛ መጣች። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ደረደረችውና ማንም እንዳይነካው አለች። አንሶላውን አልጋው ላይ እንዳለ አስተኮሰችኝ። ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት መሥራቴን ስነግራት ደስ አላትና «እንግዲያው ልምዱ አለሽ» ብላ የሲኞራን መጻሕፍት በቀለማቸው አስደረደረችኝ። የሕግ መጽሐፉ ከወጥ አሠራሩ ጎን ቆመ፤ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ሲኞራን በዊልቸር ከክፍል ክፍል እየገፋሁ ከካሜራው አሸሻቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ፎቶ አንሺ ሲመጣ ወንበር ለሰው ይቀርባል። እዚህ ሰውየው ገለል ይልና ወንበሩ ብቻውን ይነሣል። ፎቶው ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት ጊዶ «ለማስታወሻ ነው፣ እማማ» አላቸው።

አሎራ፣ እንግዲህ የእኔ ክፍል ተራ ደረሰ። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሻንጣና በሁለት የገበያ ከረጢት ገባ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ከዚያ በላይ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ካንቲና አወረድኩት። አልጋዬ ታጥፎ በቦታው ጠረጴዛና የማይበራ መብራት ቆመ። ማርቲና «እዚህ ማን ነው የሚተኛው?» ብላ ጠየቀች። ጊዶ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ማንም። ልብስ መተኮሻ ክፍል ናት» አላት። እኔ ካውያውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። እስከ ሰኔ አልነካም ያለኝ አፍ ነው ይህን ያለው።

ሥራው አልቆ ሄዱ፤ ማርቲና ሎሚዋን መልሳ ይዛ ሄደች። ለሲኞራ ሾርባቸውን ሳቀርብ «ሎሚው የታለ?» አሉኝ። ወሰደችው አልኳቸው። «እኔ በዕድሜዬ ሁለት ቤት ሸጫለሁ፤ ሎሚ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ» አሉና አንድ ማንኪያ ጠጡ። ቀጥለው «የት ነው የሚወስደኝ?» አሉ። አላውቅም ልል ነበር፤ አፌንም የከፈትኩት ለዚያ ነው። እጅጌዬን ያዙኝ። ነገርኳቸው። ለሁለት አንድ ክፍል መሆኑን፣ መስኮቱ መኪና ማቆሚያውን እንደሚያይ፣ ሁሉን ነገርኳቸው። «አንቺንስ ይወስዱሻል?» አሉኝ። የራሳቸው ሠራተኛ አላቸው አልኩ። አለቀሱ፤ ቆይተው ወረቀቴ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝና ብዕር አምጪ አሉ። በገዛ እጃቸው ለራሳቸው «ከሰኔ በፊት አትፈርሚ» ብለው ጽፈው መነጽር ማስቀመጫቸው ውስጥ ከተቱት።

ተመስገን በይ ትይኛለሽ። ቆይ። ዓርብ ጠዋት መነጽራቸውን ሲያወጡ ወረቀቱን አገኙት፣ አነበቡት፣ ወደ እኔ ዞረው «ምኑን ነው የማልፈርመው?» አሉኝ። እንደገና ነገርኳቸው፤ እንደገና አለቀሱ። ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ የሰሙት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ነገ እሑድ ጊዶ የደላላውን ወረቀት ይዞ ለምሳ ይመጣል። ካስታወሱ ማን ነገረሽ ይላቸዋል፤ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ አፍ ያለው የለም። ከረሱ ይፈርማሉ፤ ቤቱም ሰኔን አይጠብቅም። የቱን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም። ሻንጣዬም ገዢ ሊመጣ ስለሚችል እዚያው ይቆይ ተብሏል፤ የምለብሰውን ካንቲና እየወረድኩ አወጣለሁ፣ የምተኛውም ከሲኞራ አልጋ እግርጌ ነው። ሲኞራ የጻፏትን ያችን ወረቀት ላወጣት እችል ነበር። ምንም አልነገርኩም ብል እሳቸው አያስታውሱም፣ እኔም ቢያንስ በጊዶ ዘንድ የታመንኩ እሆናለሁ። ዛሬ ሁለት ጊዜ እጄን ወደ መነጽሩ ሰድጄ መለስኩት። ይህን ስጽፍልሽ እዚያው አለች፤ ነገ ጠዋትም ከጠየቁኝ ለአራተኛ ጊዜ እነግራቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ዘመንፈስቅዱስን አክብሬ ሰላም ብያለሁ በይልኝ። ሶሊን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ፈተናው ቢከፋም ትምህርቷን አትተው። ጎረቤታችን እትዬ አበበች በጸሎታቸው ያስቡኝ፤ ለምን እንደሆነ አትንገሪያቸው። አንድ ነገር ደግሞ፤ ጓሮ ያለችውን ክፍሌን የያዘችው ተከራይ ውሏ ግንቦት ላይ ያልቃል ብለሽኝ ነበር። ለእሷም ለእማዬም ምንም አትበዪ። አዲስ ውል ግን አትፈራረሚ።

እህትሽ ሰብለወንጌል
ሮማ፣ ቅዳሜ መጋቢት ፲፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.