ጠፋ ያልከኝ ቅርጽ

ታዴ፣ ሆዴ ልበልህ እንደ ልማዴ፤

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ሰው ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል፤ እኔን ግን ዘንድሮ አድርጎኛል፣ ስለዚህ ስማኝ።

ፈላና በር ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የሥራ ጠረጴዛችንን ብቻ ወደ መስኮቱ አስጠግቼዋለሁ፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ካርድ መሥራቴንም አልተውኩም። ወፍራሙን ወረቀት ሳላጥፍ መክተፊያው ላይ አነጥፋለሁ፣ የአበባውን መቁረጫ ቅርጽ ስለቱን ወደ ታች አድርጌ አስቀምጥበታለሁ፣ ከላይ ጣውላ ደርቤ በመዶሻ አንዴ እመታለሁ። ሁለተኛው ምት ወረቀቱን ያንሸራትተዋል እያልክ ስንቴ ተቆጥተኸኛል።

የመጀመሪያው ቅርጻችን ግን አበባ አልነበረም፣ የሰፈራችን የግንብ በር፣ የፈላና በር ነበር። እኔ በእርሳስ ሳልኩት፤ አንተ የዕቃ ማሰሪያ ብረት በሞረድ ስለህ፣ በፒንሳ እያጠፍክ ጣውላ ላይ ተከልከው። በአንድ ጎን ስለቱን ክፍት ተውክለት፣ ወረቀቱ እዚያ ጋ ሳይቆረጥ ቀርቶ እንደ ማጠፊያ እንዲይዝ። ካርዱ ላይ በሩ ሲከፈት ከውስጥ አደይ አበባ ይታያል። ቅስቱ በግራ በኩል ትንሽ ተንጋዶ ወጣ። ልታቃናው ስትል የከለከልኩህ እኔ ነኝ፣ እውነተኛውስ በር መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል ብዬ። ከሠራናቸው ሁሉ እሱን እወደው ነበር።

ካቻምና ከባጃጅ ላይ ወደቀብኝ ብለህ መጣህ። አመንኩህ። እስከ ፈረስ መጋላ ድረስ መንገዱን ስናስስ ዋልን፤ እኔ የባጃጅ ሾፌሮቹን ስለምን፣ አንተ ከጎኔ ጎንበስ እያልክ ቦዩን ስታይ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ጎንበስ ማለትህ ነው።

ሰሞኑን፣ በጳጉሜ፣ እህትህ ብርቄ ልትጠይቀኝ መጣችና የእንቁጣጣሽ ካርድ ሰጠችኝ፣ አዲሱ ከተማ በከፈተቻት ሱቅ ከምትሸጠው። የካርዱን በር ከፈትኩት። ቅስቱ በግራ በኩል ተንጋዷል። ከየት አመጣሽው ስላት ደነገጠች፣ ከመሞትህ በፊት የነገርከኝ መስሏት ኖሯል። ለካ ከባሏ ተፋትታ ከድሬዳዋ የመጣች ጊዜ፣ ራሷን እንድትችል ብለህ ቅርጹን የሰጠሃት አንተ ነህ። ለእሷ አትንገሪ፣ ከሰማች ቤቱን ታምሰዋለች ብለሃታል።

እኔ ነኝ ቤቱን የማምሰው? ብርቄ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ አልጋዬን የለቀቅኩላት እኔ አይደለሁም? ብትጠይቀኝ ከነመዶሻው እሰጣት ነበር። አቆራረጡንም ራሴ አሳያት ነበር። ብረቱን መስጠትህስ ዕዳው ገብስ ነው። ሃያ ዓመት ከአንድ መሶብ በልተን፣ ለእህትህ ቁራጭ ብረት የምነፍግ ሴት አድርገህ ማሰብህ ነው የከዳኝ።

ብርቄ እያለቀሰች ልመልስልሽ አለችኝ። እንቢ አልኳት። ግን የካርዱ ጠርዝ ተሸራርፎ አየሁት፣ ስለቱ ደንዝዟል። በድብቅ ሰጥተሃት እንዴት እንደሚሳል የምታሳይበት ጊዜ ከየት ታመጣለህ? ይዘሽው ነይ አልኳትና ከውጭ በኩል ብቻ በሞረድ ስዬ፣ ወረቀት እንዳይዝባት ሻማ አሽቼ ሰጠኋት። ስለቱን ስስል አለቀስኩ። ለእሷ ግን የብረቱ ብናኝ ዓይኔ ገባ አልኳት።

አልረሳህም፣ ታዴ። ሙት ዓመትህን አወጣለሁ፣ ስምህን በክፉ አላነሳም። ሰው ደግ ነበር ሲልህ እኔም ነበር እላለሁ፣ እውነት ነውና። እኔም ደግ እንደነበርኩ ግን ሳታውቅ ሄድክ። አንተን ባስታወስኩ ቁጥር ይህንንም አስታውሳለሁ።

ሚስትህ